ሱፍ፦ ከማቅ እስከ ሙሉ ልብስ

እንግሊዞች «ሱት» የሚሉትን ልብስ አማርኛ በሁለት ስም ይጠራዋል። አንዱ ሙሉ ልብስ ነው፤ ሌላው ሱፍ። በጋዜጣና በመጥሪያ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው፤ በሰው አፍ የሚዘወተረው ግን ሁለተኛው ነው። ሙሽራው ሱፍ ለበሰ ይባላል፤ ለተመራቂው ሱፍ ተሰፋለት ይባላል። ልብሱ አንድ ክር የበግ ጠጕር ባይኖርበትም፣ ከላይ እስከ ታች ፖሊስተር ቢሆንም፣ ስሙ ያው ሱፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ቃል ነው፤ ከቃሉም ጋር ስሙ በትክክል የሚገባው ልብስ፣ ግራጫው የፍላኔል ሙሉ ልብስ።

የቃሉን ጉዞ ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተነሥቶ መከተል ይቀላል። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ዘመን ተመረቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ100 ሄክታር ላይ ያረፈ ሲሆን ግንባታውን ያካሄደው የቻይናው ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ነው፤ የታሰበውም በተለይ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነው። ልብስ በብዛት የሚሰፋበት ቦታ የልብስ ቃላት የሚገናኙበት ቦታም ነው። የስፌቱ መኪና የጣልያንኛ ስም አለው፤ አዳራሹ፣ ሼድ የሚባለው፣ የእንግሊዝኛ፤ ኪሱ የዐረብኛ፤ ሸሚዙ የፈረንሳይኛ፤ መርፌው የግእዝ። ሠራተኞቹ ከቤት ይዘውት የሚገቡት ቋንቋ ደግሞ ትግርኛ ነው፤ ትግርኛም፣ እንደምናየው፣ ስለ ሱፍ አማርኛ የጣለውን አንድ አሮጌ ቃል ጠብቆ አቆይቷል።

የፓርኩ ስም ራሱ ትንሽ ትርጓሜ ይፈልጋል። ኢንዱስትሪ በላቲን ትጋት ማለት ነበር፤ ከሰው ጠባይ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ የተሻገረ ቃል ነው። ፓርክ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ለአደን እንስሳ የታጠረ ቦታ ነበር። ሠራተኞች «ጋርመንት እሠራለሁ» ሲሉ የሚጠሩት ቃል ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ጋርኒር» የመጣ ነው፤ ማስታጠቅ፣ መጠበቅ ማለት ነው። ልብስ በዚያ ቃል ውስጥ ጌጥ ሳይሆን ትጥቅ ነው። የእኛው «ጨርቃ ጨርቅ» ከዚህ ይልቅ ትሑት ነው። ግእዙ ጸርቅ ነው፤ እላቂ፣ ቁራጭ ጨርቅ ማለት ነው፤ ብዙው አጽርቅት ይባላል፤ በግእዙ ወንጌል ሕፃኑ ኢየሱስ የተጠቀለለበት ጨርቅ በዚህ ስም ይጠራል። አማርኛ ጸን ወደ ጨ ለውጦ፣ ቃሉን ደግሞ፣ በመካከል አንድ «አ» አስገብቶ የብዛትና የዓይነት ስም አደረገው። ቅጠላ ቅጠል፣ ብረታ ብረት፣ ጥራ ጥሬ እንደምንለው ማለት ነው። አንድ ሚኒስቴር «የጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ» ብሎ ሲጽፍ ያ የግርግሙ ጨርቅ አብሮ ይጻፋል።

አሁን ወደ ሱፍ።

ግእዝ ለበግ ጠጕር የራሱ ቃል አለው፤ ፀምር። ዕብራይስጡ ጼሜር፣ አራማይስጡ ዓምራ ነው። የመጀመሪያው ፊደል በሦስቱ ቋንቋዎች ሦስት መልክ መያዙ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዋሰ ሳይሆን ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወረደ መሆኑን ያሳያል፤ ምድርን ዕብራይስጥ ኤሬጽ፣ አራማይስጥ አርዓ ሲል እንደሚታየው ያለ ሕግ የጠበቀ ለውጥ ነውና። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሁሉ ቃሉን በጌዴዎን ያውቀዋል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 ጌዴዎን በዐውድማ ላይ ያኖረው፣ ጠል የወረደበት የበግ ጠጕር ፀምር ነው፤ የእመቤታችንም ምሳሌ ሆኖ በድርሰቶች ውስጥ ይጠራል። ትግርኛ ይህን ቃል ጸምሪ ብሎ እስከ ዛሬ ይናገርበታል። አማርኛ ግን ፀምርን ለመጽሐፍ ተወለትና በዕለት ንግግር «የበግ ጠጕር» ማለትን መረጠ፤ ለጨርቁ ደግሞ ሌላ ቃል ከባሕር ማዶ አመጣ።

ያ ቃል ዐረብኛው «ጹፍ» ነው፤ ትርጉሙ የበግ ጠጕር፣ ከእርሱም የተሠራ ጨርቅ ነው። ከዐረብኛ መምጣቱን የሚያስረዳው የትርጉሙ መገጣጠም ብቻ አይደለም፤ ድምፁም ይመሰክራል። የዐረብኛው ጻድ በንግድ መንገድ ወደ አማርኛ በገቡ ቃላት ላይ ሰ ሆኖ ይገኛል። ጻቡን ሳሙና ሆኗል። ጸድር፣ ደረት ማለት፣ ሰደርያን ሰጥቶናል፤ ከኮት ሥር የሚለበሰውን እጅጌ የለሽ። ጹፍም በዚሁ መንገድ ሱፍ ሆነ። ከጥንት የወረስነው የጋራ ቃል ቢሆን ኖሮ በጸ ወይም በጠ እናገኘው ነበር። ስለዚህ ቃሉ የመጣው ከነጋዴ አፍ ነው ማለት ይቻላል፤ ሸቀጡና ስሙ አብረው። (የዘይት እህሉ ሱፍ፣ በጾም ፍትፍት የምንበላው፣ ከዚህ ቃል ጋር መምታታት የለበትም፤ ድምፁ ብቻ ነው የገጠመው።)

ከዚሁ ዐረብኛ ቃል ሌላ ዘር ወጥቷል። የእስልምና መናንያን ሱፊ መባላቸውን አብዛኞቹ ሊቃውንት ከጹፍ ጋር ያያይዙታል፤ ሻካራ የበግ ጠጕር ልብስ ይለብሱ ነበርና። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በደጋው አገር የበግ ጠጕር ለረጅም ዘመን የክብር ልብስ አልነበረም። ክብር የነጩ ጥጥ ነበር፤ የሸማው፣ የጥበቡ፣ የኩታው። የበግ ጠጕር የእረኛው ነበር፤ የባሕታዊው ነበር፤ የኀዘንተኛው ነበር። ስሙም ማቅ ነው። ማቅ ለበሰ ማለት አዘነ፣ ሰውነቱን አዋረደ ማለት ነው። የነነዌ ሰዎች በዮናስ ስብከት የለበሱት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ማቅ ነው፤ በየዓመቱ ጾመ ነነዌ ሲመጣ ይነበባል።

ግእዙ ለዚህ የኀዘን ልብስ ሠቅ የሚል ቃል አለው። ሠቅ ብዙ አገር የዞረ ቃል ነው። ዕብራይስጡ ሣቅ፣ ግሪኩ ሳኮስ፣ ላቲኑ ሳኩስ ነው፤ እንግሊዝኛው ሳክ፣ ከረጢት ማለት፣ ከዚያው የተወለደ ነው። አሜሪካኖች ትከሻው ያልተሞላ፣ ወገቡ ያልጠበቀ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ኮት ያለውን ሙሉ ልብስ «ሳክ ሱት» ይሉታል፤ ስሙን ከዚሁ ከረጢት ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ቢሮ ሠራተኛ ግራጫ ፍላኔሉን የሚያሰፋው በዚህ ቅርጽ ነበር። ትስስሩ ትክክል ከሆነ የነነዌ ልብስና የኒውዮርክ ልብስ በስም ዘመዳሞች ናቸው።

የበግ ጠጕር ሁሉ የኀዘን ነበር ብዬ ግን አልጨርስም፤ በርኖስ አለና። ጥቁሩ የበግ ጠጕር ካባ በርኖስ የባለማዕረግ መደረቢያ ነበር፤ ስሙ ከዐረብኛው ቡርኑስ የመጣ ነው፤ ቡርኑስን ደግሞ ብዙዎች ቢሩስ ከሚለው የላቲን የካባ ስም ጋር ያያይዙታል። የመንዝ ሰው ዝተትና ባና አለው፤ ብርዱን የሚችለው በእነርሱ ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ጥቁሩ፣ ነጩና ቡናማው ቀለም ሳይነከር ከበጉ እንደ ወጣ ይገባል። እንግዲህ ጨርቁን እናውቀው ነበር። ያላወቅነው ቀጭኑን፣ ተቆርጦ በልክ የሚሰፋውን ነው። እርሱ ሲመጣ ማቅ ልንለው አልቻልንም፤ ማቅ የኀዘን ሽታ አለበት። ባናም አላልነውም፤ ባና የመኝታ ነው። ነጋዴው ያመጣውን አዲስ ስም ተቀበልን፤ ያ ስም በእኛ ቋንቋ የሙታንም የመናኝም ትዝታ አልነበረበትም። በእኔ ግምት ሱፍ የሚለው ቃል በአማርኛ ከፍ ሊል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንግድነቱ ጠቀመው። ማቅን ከትከሻው ሊያወርድ የሚጠባበቅ ሕዝብ ያንኑ የበግ ጠጕር በሌላ ስም ለሠርጉ ለበሰው።

ሙሉ ልብስ የሚለው ስም ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እንግሊዝኛው «ሱት» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መከተል ማለት ነው፤ ኮትና ሱሪ ከአንድ ጨርቅ ተቆርጠው አንዱ ሌላውን ስለሚከተል። ዐረቦች በድላ ይሉታል፤ መለወጫ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ኮምፕሌ» ይላሉ፣ ጣልያኖች «ኮምፕሌቶ»፤ ሁለቱም ሙሉ ማለት ነው። የአማርኛው ሙሉ ልብስ ከእነዚህ ከሁለቱ፣ በተለይ ከፈረንሳይኛው፣ ተተርጕሞ የተቀዳ ይመስለኛል። ከጣልያን ወረራ በፊት የዘመናዊ ትምህርት ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው ባቡርም ከሸቀጡ ጋር ቃሉን ይጭን ነበር። «ሽክ ብሎ መጣ» የምንለው ሽክ በድምፅም በትርጉምም ከፈረንሳይኛው ጋር ይገጥማል።

የዚያ መንገድ ትልቁ ስጦታ ግን ሸሚዝ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በመጨረሻው የላቲን ዘመን «ካሚሲያ» የሚባል የውስጥ ልብስ ነበር። ቃሉ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በዐረብኛ ቀሚጽ ሆነ፤ ከዐረብኛ ወደ እኛ ሲሻገር ቀሚስ። ወደ ምዕራብ ሄዶ በፈረንሳይኛ «ሽሚዝ» ሆነ፤ እርሱ ደግሞ በአማርኛ ሸሚዝ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተለያይተው፣ አንዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ አንዱ በባቡር መጥቶ፣ እንደገና በእኛ ቤት ተገናኙ። ዛሬ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ የባለቤቲቱ ቀሚስና የባለቤቷ ሸሚዝ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የተሰቀለው አንድ ቃል ነው። አማርኛ ዐረብኛውን ለሴት፣ ፈረንሳይኛውን ለወንድ ሰጠ፤ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ ግን እንዲህ ያለ ክፍፍል ከቃሉ ጋር አልነበረም። ክፍፍሉን የሠራነው እኛ ነን። ሠርተን መሥራታችንንም ረስተነዋል፤ የተዋስነውን ቃል እንዲህ ማዋሐድ የቋንቋው ብርታት ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ከረባት ከፈረንሳይኛው «ክራቫት» ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን አንገታቸው ላይ ጨርቅ ከሚያስሩ የክሮኤሽያ ወታደሮች ስም የወጣ። ኮሌታና ካልሲ ጣልያንኛ ናቸው። ኪስ የዐረብኛ ከረጢት ነው፤ ከዐረብኛም በፊት በአካድኛ ኪሱ ተብሎ የነጋዴ ገንዘብ መያዣ ነበር። አዝራር በዐረብኛ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው ዚር ይባላል፤ እኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ወሰድነው። ካውያ ከዐረብኛው «ከዋ» የመጣ ነው፤ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቁስል ማቃጠል ማለት ነው። የአማርኛው መተኮስም በዚያው መንገድ ሄዷል፤ ቁስል ይተኮሳል፣ ጠመንጃ ይተኮሳል፣ ሱሪም ይተኮሳል። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ የሐኪሙን ብረት ለልብስ ተኳሹ ሰጡት።

ከሁሉ የምወደው መርፌ ነው። ግእዙ መርፍእ፣ ግሡም ረፍአ ነው፤ ሰፋ፣ ጠቀመ፣ የተቀደደውን ገጠመ ማለት ነው። ዐረብኛው ረፈአ በዚሁ በመጠገን ትርጉም አለ። በዕብራይስጥ ግን ይኸው ግሥ ፈወሰ ማለት ነው፤ የመልአኩ የሩፋኤል ስም የተሠራው ከእርሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይፈውሳል። ቁስልን መፈወስና ቀዳዳን መጥቀም ለጥንቶቹ ሴማውያን አንድ ሥራ ነበር፤ የተለያየውን መግጠም። አማርኛ ዛሬ የልብስ ሰፊውን መሣሪያም የሐኪሙን መውጊያም መርፌ ሲል ያን ጥንታዊ አንድነት መልሶ አግኝቶታል። በመቐለው ፓርክ በየመኪናው ላይ የሚወርደው መርፌ የሩፋኤል ዘመድ ነው።

ፍላኔል የሚለውን ስም እንግሊዝኛ ያገኘው ከዌልስ ቋንቋ እንደሆነ ይታመናል። በዌልስ «ግውላን» የበግ ጠጕር ነው፤ «ግውላነን» ከእርሱ የተሠራ ነገር። ግውላን ከእንግሊዝኛው «ዉል» እና ከላቲኑ «ላና» ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ፍላኔል በሥሩ ሱፍ ማለት ነው፤ አማርኛ ሙሉ ልብስን ሱፍ ሲል የደረሰበትን ቦታ ዌልሶች በሌላ በር ገብተው ደርሰውበታል። ቃሉ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይና ጣልያን ተሻገረ፤ ከጣልያን ወደ ቱርክና ወደ ዐረብ አገር ሲደርስ «ፋኒላ» ሆኖ የካኒተራ ስም ሆነ። በካይሮ ፋኒላ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ የጥጥ የውስጥ ልብስ ነው። የጨርቁ ስም የልብሱ ስም ሆኖ ጨርቁ ግን ጠፋ፤ በእኛም ሱፍ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ግራጫው ፍላኔል የሚሠራበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚወደድ አያጣውም። ለተራው ሙሉ ልብስ ክሩ ረጃጅም ጠጕር ተመርጦ፣ ተበጥሮ፣ ተስተካክሎ የተፈተለ ነው፤ ጨርቁም ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ይሆናል። ለፍላኔል ግን አጫጭሩ ጠጕር ተነድፎ ሳይስተካከል ይፈተላል፤ አየር የሚይዝ ለስላሳ ክር ይሆናል። ከተሸመነ በኋላ በውሃና በሳሙና ይታሻል፤ ጠጕሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ የሽመናው መስመር ይሸፈናል። በመጨረሻም ገጹ ተፍቆ ስስ ጠጕር ይነሣበታል። ደህና የሚባለው ለሙሉ ልብስ የሚሆን ፍላኔል በአንድ ሜትር ርዝመት ከ340 እስከ 400 ግራም ይመዝናል። በእንግሊዝ ሰመርሴት፣ ዌሊንግተን በምትባል ከተማ፣ ከ1772 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ፎክስ ብራዘርስ በዚህ ጨርቅ ስሙ የተጠራ ነው።

ግራጫነቱም ልዩ ነው። ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ በግራጫ ቀለም አይነከርም። ነጭና ጥቁር ጠጕር ከመፈተሉ በፊት ይደባለቃል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግራጫ የሚባል ጠጕር የለበትም፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ነው፤ ራቅ ሲሉ ግን ግራጫ ነው። የሰው ሽበትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። አማርኛ ለዚህ ቀለም የሚሰጣቸው ስሞች ከእንስሳትና ከምድጃ የመጡ ናቸው። ግራጫ የበቅሎና የፈረስ ነው፤ ዳለቻ የከብት ነው፣ ኦሮምኛም ይጋራዋል፤ አመድማ ከአመድ ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ «ዳለቻ ሱፍ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢኖር ግን ከሁሉ ይልቅ ትክክል ይሆን ነበር፤ ዳለቻ ላም እንደ ፍላኔሉ ጠጕሯ የተቀላቀለ ነውና።

በ1955 እ.ኤ.አ. ስሎን ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ይህን ልብስ በልብወለዱ ርእስ ላይ አወጣው፤ በዓመቱ ግሪጎሪ ፔክ የተወነበት ፊልም ተሠራ። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም ግራጫ ፍላኔል የቢሮ ሎሌነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ጨርቁ የማንም ሎሌ አይደለም። አያብለጨልጭም፣ አይጮኽም፤ ለሠርግም ለሥራም ለለቅሶም ይሆናል። ከነጭ ሸሚዝም ከሰማያዊም ይስማማል፤ ከጥቁር ጫማ ይልቅ ቡናማ ያምርበታል። ኮቱን ትታችሁ ሱሪውን ብቻ ከሹራብ ጋር ብትለብሱት ደግሞ ሌላ ልብስ ነው። አያያዙም ቀላል ነው። ሁለት ቀን አከታትላችሁ አትልበሱት፤ በሰፊ ማንጠልጠያ ሰቅላችሁ አሳርፉት፤ በየጊዜው በብሩሽ አራግፉት፤ ካውያ ሲነካው በመካከል እርጥብ ጨርቅ ይሁንበት፣ አለዚያ የተነሣው ስስ ጠጕር ተኝቶ ያብለጨልጫል። የአየሩ ነገር ሲነሣ ደግሞ፣ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ላለችው ለመቐለ ምሽት፣ ለአዲስ አበባም ክረምት፣ ከዚህ የተሻለ ጨርቅ አላውቅም።

በመቐለው ፓርክ ግን ይህ ልብስ አይሰፋም ነበር። እዚያ ለውጭ ገበያ ይሰፋ የነበረው በአብዛኛው ቀላል የጥጥና የሹራብ ልብስ ነው። ሹራብም የራሱ ታሪክ አለው። ዐረብኛው ጀውረብ ነው፣ በሱዳንና በግብፅ አፍ ሹራብ፣ ሸራብ ይባላል፤ እዚያ የእግር ልብስ ነው። እኛ ለሚጠለፈው ሁሉ ሰጠነው፤ እግር ላይ ያለውን ለመለየት ሽማግሌዎች «የእግር ሹራብ» ይሉ ነበር፣ ካልሲ ከጣልያን መጥቶ እስኪተካው ድረስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ የመቐለው ፓርክ ሥራ ቆመ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣ የቀሩትም ፓርኮች ገበያ ጠበበ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። መኪና ሲቆም ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚቆም ነገር አለ፤ ሠራተኞቹ ከመስመር ወደ መስመር ይቀባበሉት የነበረው፣ ገና ያልተጻፈው አዲሱ የሥራ ቋንቋ።

ሱፍ በኢትዮጵያ አልተሰፋም ማለቴ አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ፓርክ የሕንዱ ሬይመንድ ንዑስ ኩባንያ ሲልቨር ስፓርክ ኮትና ሱሪ ለውጭ ገበያ ሰፍቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ፓርክም የቻይናው ጂያንግሱ ሰንሻይን፣ በሱፍ ጨርቅ የሚታወቀው፣ ገብቷል። እጁ አለ። የኢትዮጵያ ልጆች በኢትዮጵያ ምድር እውነተኛ ሱፍ ቆርጠው፣ ገበር አግብተው፣ እጅጌ ተክለው ጨርሰዋል። ልብሱ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እኛ ገበያ ላይ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛው ሱፍ የለበትም። እውነተኛውን ፍላኔል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ነው፤ ሰልባጅ ከምንለው። ሰልባጅ እንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» ነው፤ ከጥፋት የተረፈ ማለት ነው። ቃሉ እዚህ ላይ እውነቱን ይናገራል።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ሼድም ጋርመንትም አልነበሩም። በመቐለ፣ በሐዋሳና በአዳማ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በየቀኑ ሲናገሯቸው የኖሩት የስፌት ቃላት በማውቀው መዝገብ ሁሉ የሉም፤ ከፒያሳና ከመርካቶ ሽማግሌ ልብስ ሰፊዎች ጋር ደግሞ የቀደሙት እየሄዱ ነው። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ያላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ተማሪ ላኩ፤ በየሼዱና በየልብስ ሰፊው ቤት ይቀመጥ፣ ይጠይቅ፣ ይጻፍ። በትግርኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ጸምሪን የጠበቀ ቋንቋ ሌላም የጠበቀው አለና። ሱፍ ልታሰፉ የምትሄዱ አንባቢዎች ደግሞ፣ ልካችሁ ከመወሰዱ በፊት ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር ነቅላችሁ ክብሪት አስነኩት። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይደርቃል፣ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፣ በጣት ሲነኩትም ይፈረፈራል።